በኖራው ግቢ የጣልነው ዕጣ

ትናንት ጎረቤታችን የአጥሩን ግንብ ኖራ ሲያስቀባ ሽታው በመስኮት ገባ። ውሃ የነካው ኖራ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርግና ጉሮሮ ላይ የጠጠር ጣዕም ይተዋል። እናታችሁ “ዝጋው እንጂ” አለችኝ። አልዘጋሁትም። ልጆቼ፣ ስትዋሹ ቀበቶዬን እፈታ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ እኔ የዋሸሁትን ዛሬ ልንገራችሁ። እስካሁን ደብቄ መቆየቴም ልክ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጸጸራት በሚባል የከተማ ሰፈር ዳር በሚገኝ የድንጋይና የኖራ ግቢ ድንጋይ እጠርብ ነበር። አሥር ሠራተኞች ነበርን። ማታ ስንወጣ ቅንድባችን በአቧራ ነጥቶ ስለሚታይ የሰፈሩ ሴቶች “ሽማግሌዎቹ መጡ” እያሉ ይስቁብን ነበር። ያሰጡት ልብስ በዚያው አቧራ ሲበላሽ ግን አይስቁም። አቤቱታው በዛና ማዘጋጃ ቤቱ ግቢው ተዘግቶ መኖሪያ ቤት ይሠራበት ብሎ ወሰነ። ባለቤቱ ወደ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን ያዘጋጀ ሽማግሌ ጣልያን ነበር። “አቧራውን የበላችሁት እናንተ ናችሁ፤ መሬቱንም ውሰዱት” ብሎ ፈረመልን።

አሥር ሰው፣ አሥር ቦታ። ዘጠኙ ደህና ነው። ከሁሉም የሚሻለው ጥጉ ላይ፣ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ያለው ነበር። በአሥረኛው ላይ ግን ኖራ በውሃ የምናበርድበት ጉድጓድ አለ፤ ሁለት ሰው ቢደራረብ የማይወጣው። ያን ሞልቶ ቤት ማቆም ዓመት ይፈጃል። እኔ ደግሞ ዓመት አልነበረኝም። የእናታችሁ አባት “እስከ ጥር ቤት ካላየሁ ልጄን ለሌላ እድራለሁ፤ ጠያቂ አላጣሁም” ብሎኛል። ወሩ ጥቅምት ነበር።

ክፍፍሉን እንደ አገር ቤታችን በዕጣ አደረግነው። በመንደራችን የእርሻ መሬት ሲከፋፈል እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ነገር ያዋጣል፤ ጠጠር፣ ምስማር፣ የገመድ ቁራጭ። ከዚያ ማንንም የማያውቅ መንገደኛ ይጠራና የማን የማን እንደሆነ ሳያውቅ በየቦታው አንዳንድ ያስቀምጣል። ዕቃህ ያረፈበት መሬት ያንተ ነው። ካፖ እያልን የምንጠራው የሥራ አለቃችን የእርሳስ ቁራጭ አዋጣ። እኔ ከለበስኩት ኮት ላይ የነሐስ ቁልፍ በጠስኩ።

በሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ዳቦ በብብቱ የያዘ ሃምሳ አለቃ ብቅ አለ። ከመሀል አገር የመጣ፣ ትግርኛ የማይሰማ ሰው ነው። ከእሱ የተሻለ እንግዳ ከየት ይመጣል? ከመካከላችን አማርኛ የሚችል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ዳቦ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ፊደል እየለቀምኩ የተማርኩት ነው። በዚህም በጣም እኮራ ነበር።

“ምንድን ነው ይሄ? መተት ነው እንዴ?” አለ ሃምሳ አለቃው፣ ባርኔጣ ውስጥ የተጠራቀመውን እያየ።

“መሬት ልንከፋፈል ነው፣ ጌታዬ። ሰው የማያውቅ ሰው ነው የምንፈልገው።”

“እሱንስ አገኛችሁ። ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ዳቦ ሻጩ እንኳ ስምህ ማነው አላለኝም።”

ደንቡን አስረዳሁት። ደንቡ ሲያልቅ ምላሴ ግን አላቆመም። “የነሐሱን ቁልፍ ቧንቧው አጠገብ ያድርጉት” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። “እሱም ደንብ ነው?”

“ደንብ ነው።”

ጓደኞቼ ዙሪያዬን ቆመው በአስተርጓሚያቸው ኮርተው ፈገግ ይላሉ። ሃምሳ አለቃው ትእዛዝ እንደተቀበለ ወታደር ቀጥ ብሎ ሄዶ ቁልፌን ቧንቧው አጠገብ አኖረ። የቀረውን እጁ እንዳመጣለት አስቀመጠ። የእርሳሱ ቁራጭ ጉድጓዱ አፍ ላይ አረፈ።

“እወ፣ ደረሰኝ!” ብሎ ካፖ ሳቀ። “ስሞት መቃብር አትቆፍሩልኝ፤ ተዘጋጅቷል።” ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያን ሳቄን እስካሁን እጠላዋለሁ።

ከዕጣው በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ለመሠረት ገመድ ስወጥር ካፖ ብቻውን በእጅ ጋሪ ድንጋይ እየገፋ ጉድጓዱን ሲሞላ አየሁት። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ መዶሻ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረኝም እሱ ነው። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። “አቦይ፣ ዕጣው ላይ ዋሽቻለሁ።”

ጋሪውን አላቆመም። “የነሐሱን ቁልፍ ቧንቧው አጠገብ ያድርጉት” አለኝ፣ በጠራ አማርኛ። “ጎንደር ሦስት ዓመት ድንጋይ ጠርቤያለሁ። አማርኛህ ደህና ነው፤ ትንሽ እንደ ጋዜጣ ትናገራለህ እንጂ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብናገር ሌባ ተብለህ ትቀራለህ። ዝም ካልኩ ራስህ ትመጣለህ ብዬ ነው። ግን ዘገየህ፤ ወገቤን ጨረስከው።”

ለሁሉም በራሴ አፍ ተናገርኩ፤ ከካፖ ጋር ቦታ ተለዋወጥን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ “አስተርጓሚው” ሆነ። ሻሂ ቤት ገብተን ለሁላችንም ሳዝ “ምን ብሎ እንዳዘዘ አጣሩ፣ ስኳሩን ለራሱ እንዳያደርገው” ይሉኝ ነበር። እየሰደቡኝም እየመጡ አገዙኝ። በግቢው ለዓመታት የተከመረው የድንጋይ ፍርፋሪ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

በጥር የእናታችሁ አባት መጣ። ግድግዳ የለም። በሁለት እንጨት የተደገፈ በር ብቻ ሜዳው ላይ ቆሟል፤ ጓደኞቼ ለእሱ ብለው ያቆሙት ነው።

“ቤቱ የት አለ?”

“ከመሬት በታች ያለው አልቋል” አለው ካፖ። “የሚታየው ነው የቀረው።”

ሰውየው አልሳቀም። ለምን እንደዘገየሁ ጠየቀኝ። ውሸቴን ከነምክንያቱ ነገርኩት። ልጁን የማጣው በዚያች ደቂቃ መሰለኝ። ወደ በሩ ሄዶ አንኳኳ።

“ግባ የሚል የለም እዚህ ቤት?”

“ይግቡ፣ አባቴ” አልኩ።

ከፍቶ ገባ፤ ዙሪያውንም ሰማዩንም ቃኘ። “ነፋሱ ጥሩ ነው” አለ። “ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ጣሪያ ግን ይኑረው።”

እናንተ የተወለዳችሁት እዚያ ነው። የተሞላ መሬት ይሰምጣልና ክረምት በወጣ ቁጥር የትልቁ ክፍል ግድግዳ ይሰነጠቃል። ካፖ በየመስከረሙ ሳይጠራ የግንበኛ ማንኪያውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ እናታችሁ ቁርስ ታቀርባለች፤ እኔ እለጥፋለሁ፣ እሱ “ጠማማ ነው” ይላል። አንድ መስከረም ሲሚንቶውን አቡክቼ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅኩት። ከሞተ አምስት ወር ሆኖት ነበር፤ ይህን አላጣሁትም፤ ግን ጠበቅኩት። ከዚያ ብቻዬን ለጠፍኩ። ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ቀጥ ያለ ነው፤ እንከን የለበትም። ማንም ግን ምንም አላለኝም።