ሠላሳ ኪሎ ላስቲክ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሬን ያንኳኳችው ልጅ አረንጓዴ ካናቴራ ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ባጅ አንጠልጥላ፣ በእጇ የመመዝገቢያ ወረቀት ይዛ ነበር። ቤዛ ትባላለች። ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ ነው የምትኖረው። ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ዘንቢሌን ተቀብላኝ የምትወጣ ደግ ልጅ ናት። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያለው የውሃ መውረጃ በፌስታልና በውሃ ጠርሙስ ተደፍኖ፣ ባለፈው ዝናብ ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶቻችን ቤት ውሃ ገብቶባቸው ነበር። የግቢው ወጣቶች ተሰባስበው ላስቲኩን ሊለቅሙ ነው። ጉልበት ያለው ይለቅማል፣ እንደ እኔ ጉልበቱ የከዳው ደግሞ ሻይ ያፈላል።

ስሜን ከጻፈች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ እንደቀረ ነገረችኝ።

"እማማ፣ ከዚህ በፊት በበጎ ፈቃድ ሥራ ተሳትፈው ያውቃሉ?"

ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ልጅቷ የደከመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣልኝ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ ነው። የምንኖረው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ፣ ወደ ቡልቡላ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ እኔ ያለሁበት ሕንፃ ከቆመበት የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ቢሆን ነው። ከቤታችን ጀርባ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ተዘርግቷል። ሽንብራው ሲያሽት ከገበሬዎቹ በእቅፍ እየገዛን፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እየፈለፈልን እንበላ ነበር። አውሮፕላን ሲነሣ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ወሬዋን አቋርጣ እስኪያልፍ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች። አሁንም ድረስ አውሮፕላን ስሰማ ወሬዬን አቋርጣለሁ።

በዚያ ዘመን "በፈቃደኝነት" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል። በፈቃደኝነት እናዋጣለን፤ በፈቃደኝነት እንሰለፋለን። ያልፈቀደ ሰው በማግስቱ ቀበሌ ተጠርቶ ለምን እንዳልፈቀደ ይጠየቃል። ስኳሩም ሳሙናውም ከቀበሌ ሱቅ ስለሚመጣ ሁሉም ይፈቅዳል። ይህን የምለው ጥፋቴን በዘመኑ ላይ ለመለጠፍ አይደለም። የምነግራችሁን ነገር ሥሪ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም፤ ያኔ ከሠራሁት ሁሉ በእውነተኛ ፈቃዴ የሠራሁት ምናልባት እሱን ብቻ ነው።

ከእኛ ቤት ሦስተኛው ቤት እትዬ ዘውዴ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ የሚሸፍኑ ሴት ናቸው። ኑሯቸው በላስቲክ ነበር። የጭነት መጠቅለያ የነበረውን ወፍራም ላስቲክ ከየሜዳው ይለቅማሉ፤ ከገበሬዎቹም የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛውን ላስቲክ ይለምናሉ። እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው ወንዝ ወርደው ያጥቡትና ቁጥቋጦ ላይ ያሰጡታል። ከዚያ በመቀስ ቀደው የዝናብ ልብስ ይሠሩበታል።

ላስቲክ በመርፌ ሲሰፋ ይተረተራል። እሳቸው ጠርዝና ጠርዙን ያነባብሩና አሮጌ ጋዜጣ አልብሰው በከሰል ካውያ ይተኩሱታል። ካውያው ከበረደ አይያያዝም፣ ከጋለ ደግሞ ላስቲኩ ይቀልጣል። ልኩን የሚያውቁት ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ካውያውን ነካ ሲያደርጉት በሚሰማው ድምፅ ነበር። የጋዜጣው ቀለም መጋጠሚያው ላይ ተገልብጦ ስለሚቀር፣ ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ሰው ትከሻው ላይ የተገለበጠ መፈክር ይዞ ይሄዳል። የእኔንም የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳልፍ "ዝናብ ከትምህርት እንዳያስቀርሽ" ብለው አለበሱኝ፤ ሳድግም ከሥሩ ቀጠሉልኝ።

በጋውን ሙሉ የለቀሙትንና ያጠቡትን ከቤታቸው ጀርባ ባለች ጎጆ ያጠራቅሙና ሰኔ ሲገባ ይሸጡታል። የዓመቱ ቀለብም የልጆቹ ደብተርና ጫማም በዚያች ጎጆ ውስጥ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። በሯ በሽቦ እንደምትታሰርና ሽቦው በየት በኩል እንደሚፈታም አውቅ ነበር፤ ስንት ቀን ገብቼ አብሬያቸው አጥፌአለሁና።

ግንቦት ላይ ቀበሌያችን ስብሰባ ጠራ። ከውጭ አገር ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። አንድ ቀን አንድ ላስቲክ በነፋስ ሄዶ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ታይቷል። ሊቀ መንበሩ ነገሩን ሲያስረዱ፣ ያ ላስቲክ ነፋስ ጨምሮለት ቢሆን ኖሮ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ገብቶ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አስቡ አሉን። እኛም አሰብን። የላስቲክ ማጥፊያ ዘመቻ ታወጀ፤ በየመንደሩ የወጣት ቡድን ተቋቋመ። ለእያንዳንዱ ቡድን ሠላሳ ኪሎ ኮታ ተሰጠው። ማን እንደተመነው አላውቅም፤ ግን በእጁ ላስቲክ አንስቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ከኮታው በላይ ያመጣ ቡድን ግንባር ቀደም ተብሎ ቀይ ባንዲራ ይሸለማል። ድምፄ ጎላ ያለ ስለነበረ የመንደራችን ቡድን መሪ አደረጉኝ።

ያሰብነውን ያህል ቀላል አልነበረም። የሚለቀም ላስቲክ የለም። ዛሬ ፌስታል እንደ ቅጠል በሚበንበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። ያኔ ላስቲክ የሚጥል ሰው አልነበረም። ዕቃ የመጣበት ላስቲክ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ለጎረቤት ይዋሳል፣ ካልተመለሰም ሰው ተልኮ ይጠየቃል። በመጀመሪያው እሑድ ከጠዋት እስከ ቀትር ስንዞር ውለን ያገኘነው ጥቂት ብጥስጣሽ፣ አንድ የተሰበረ ማበጠሪያና ነጠላ ኮንጎ ጫማ ነው። በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሚዛን ሲመዘን ሁለት ኪሎ አልሞላም። የታችኛው መንደር ቡድን ላስቲኩን በጭቃ ሞልቶ አምጥቶ ስለነበር ዐሥራ አንድ ኪሎ ተመዘገበለት። ሊቀ መንበሩ ዓይኔን እያዩ ከእኔ የጠበቁት ይህን እንዳልነበረ ነገሩኝ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ቀዩን ባንዲራ ይዤ ከሰልፉ ፊት መሄድ አማረኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ባቀርብ ደስ ይለኝ ነበር፤ የለኝም። ሐሙስ ቀን የእትዬ ዘውዴ ጎጆ ትዝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ለራሴ ምክንያት ማዘጋጀት ነበር። ላስቲኩ ከቆሻሻ የተለቀመ ነው፣ በሽታ ያመጣል፣ ነፋስ ሊወስደውም ይችላል እያልኩ እሑድን ጠበቅሁ።

እሑድ እትዬ ዘውዴ ከልጆቻቸው ጋር ወንዝ እስኪወርዱ ጠብቄ ቡድኔን ይዤ ሄድኩ። ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ጎጆዋ እስከ ጣሪያዋ ሞልታለች፤ ግማሹ ተቀዶና ተተኩሶ አልቆ፣ ኮፍያ ሳይቀር ወጥቶለት በልክ በልኩ ተደርድሯል። ትንሹ ከሦስት ዓመት ልጅ ልብስ አይበልጥም። ከቡድናችን ታደሰ የሚባል ዝምተኛ ልጅ ነበረ። አንዱን አንስቶ አሸተተና ወደ እኔ ዞረ።

"ይኼ እኮ ታጥቧል። የሳሙና ሽታ አለው።"

"ከየት ነው የመጣው? ከቆሻሻ አይደል?" አልኩት።

ልብሱን አስቀምጦ ወጣ፣ በዚያው ወደ ቤቱ ሄደ። ስሙ በማግስቱ ከቀሪዎች ዝርዝር ላይ ሰፈረ፤ ያሰፈርኩትም እኔ ነኝ። እኛ የቀረነው ተሸክመን ርክክቡ ወዳለበት ኳስ ሜዳ ሄድን። ሠላሳ አራት ኪሎ መዘነ። ሊቀ መንበሩ እጄን ጨብጠው ለሕዝቡ አስጨበጨቡልኝ። ሻይ በቆርቆሮ ጣሳ፣ ከሻይ ጋር ሙሉ ዳቦ ተሰጠን። የሁሉም ቡድን ክምር አንድ ላይ ሆኖ እሳት ተለኮሰበት። የእኛው ክምር ነው በደንብ የነደደው። ጢሱ ጥቁርና ወፍራም ነበር፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ነፋሱ ጢሱን ያዘና በቀጥታ በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ አጋደመው።

እትዬ ዘውዴ የመጡት ባንዲራውን ከተቀበልኩ በኋላ ነው። ጢሱን ከወንዙ አይተው ይሆናል። ያን ዕለት ያጠቡትን ላስቲክ በጀርባቸው አዝለዋል፤ ውሃው በቀሚሳቸው ላይ ይንጠባጠባል። ልጆቹ ከኋላቸው ናቸው። እሳቱ ዳር አንድ እጅጌ ሳይቃጠል ተጨማዶ ቀርቶ ነበር። እሱን ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ሊቀ መንበሩን ይህን ማን እንዳመጣው ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ በኩራት ወደ እኔ አመለከቱ።

ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ቢጮኹ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ በሽታው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ አውሮፕላኑ ሞተር። እሳቸው ግን ሚዛኑ አጠገብ ቆመው እስሩን ከጀርባቸው አወረዱ።

"ይኼ ቀርቷል፤" አሉ። "ዛሬ ያጠብኩት ነው። ለእሷ ይቆጠርላት።"

ሊቀ መንበሩ ነገሩ አልገባቸውም። ወይም ገብቷቸው እንዲታወቅባቸው አልፈለጉም። የእትዬ ዘውዴን እርጥብ እጅ ይዘው ወደ ላይ አነሡና፣ እኚህ እናት በራሳቸው ፈቃደኝነት የለቀሙትን አምጥተው አስረክበዋል ብለው ተናገሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ልጆቻቸውም ሰው ሲያጨበጭብ አይተው አጨበጨቡ። ላስቲኩ እርጥብ ስለነበር ብዙ መዘነ። እኔ ባንዲራውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። እናቴ ያመጣሁትን ዳቦ አልነካችውም። አሁኑኑ ሄደሽ እግራቸው ላይ ውደቂ አለችኝ። ዘመቻ ነው አልኳት፤ ለዘመቻ ይቅርታ አይጠየቅም አልኳት። እናቴ ዳቦውን አንስታ ለውሻ ሰጠችው። እኔም አልሄድኩም። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ሰኔ ገባ።

የዚያ ዓመት ዝናብ ገና ከመጀመሪያው ከባድ ነበር። እትዬ ዘውዴ ወንዙ ዳር ካለው የአትክልት ማሳ የቀን ሥራ ያዙ። ትልቋ ልጃቸው ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት ተቀጠረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። የሚዘንበው ያስፈራል። እሳቸው ጆንያ አጥፈው ራሳቸው ላይ ደፍተዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። እኔ የሠሩልኝን የዝናብ ልብስ ለብሻለሁ።

የምገባበት ጠፋኝ። ልብሱን አወለቅሁና አጣጥፌ በብብቴ ያዝኩት። ለምን እንዳወለቅሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዳያዩብኝም ይሆናል፤ አብሬያቸው በመበስበስ ዕዳዬን የከፈልኩ መስሎኝም ይሆናል። እሳቸው አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ልበሺው እንጂ፤" አሉኝ። "ትታመሚያለሽ።"

ይቅርታ የምለው ያኔ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ልብሱን ፈታሁና ለበስኩት፤ እሳቸውም መንገዳቸውን ቀጠሉ። በዓመቱ ቤታቸውን ለቀው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ዘመድ ወዳለበት አገር ሄዱ ተባለ። የት እንደሆነ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሰው ወጣት ነበርሽ ይለኝ ይሆናል። ወጣት ነበርኩ፤ ግን ሽቦው በየት በኩል እንደሚፈታ የማውቅ ወጣት ነበርኩ።

ቤዛ ውሃውን ይዛ መጣች። ጠጣሁና ብርጭቆውን መለስኩላት። በመስኮቱ በኩል የውሃ መውረጃው ይታያል። አንዲት ሴት ማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥላ የውሃ ጠርሙስ እየለቀመች ነው። ዘወትር ጠዋት የማያት ሴት ናት፤ ጠርሙሱን ጨፍልቃ፣ ክዳኑን ለብቻ አድርጋ፣ ለቆራሌው ትሸጣለች። ቤዛም አየቻት። ነገ ቶሎ ካልወጣን ይቺ ሴትዮ ሁሉንም ትወስድብናለች አለች። ከሌሎቹ ብሎኮች ጋር በኪሎ እየተወዳደሩ ኖሯል።

መጀመሪያ ሴትየዋን አነጋግሯት አልኳት። የምትለቅመውን ተዉላት፤ እናንተ እሷ የማትፈልገውን ፌስታሉን ልቀሙ አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር። ልጅቷ ግራ ገባት፤ በወቀስኳት ነገር ትንሽ የከፋትም መሰለኝ።

"እማማ፣ እሷ እኮ ልትሸጠው ነው። እኛ በነፃ ነው የምንሠራው።"

"እኔም በነፃ ነበር የሠራሁት፤" አልኳት።

ጥያቄዋን የመለስኩላት መሰላት። ፊቷ ፈካ። ወረቀቱ ላይ "አዎ" ከሚለው ጎን ምልክት አደረገችና አመስግናኝ ወጣች።