የእድሩ ጥሩምባ ለጨዋታ የጠራን ዕለት

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የማትሪክ ውጤት ስጠብቅ የነበርኩበትን ክረምት ያሳለፍኩት መካኒሳ፣ በሰፈራችን የቀበሌ መዝናኛ ውስጥ ወለል ስጠርግና ሣር ውስጥ የጠፋ የፒንግ ፖንግ ኳስ ስፈልግ ነው። ማንም አልቀጠረኝም። ሁላችንም እዚያ የምንሠራው በፈቃዳችን ነበር።

መዝናኛው በደርግ ጊዜ የተሠራ አዳራሽ ነው። ከጎኑ አረም የወረሰው የመረብ ኳስ ሜዳ አለ። መንግሥት ሲለወጥ በሩ ተቆለፈ፤ ከዚያም ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ ግቢው የበግ መዋያ ሆነ። ጡረታ የወጡ አንድ የስፖርት መምህር ጎረቤት አሉን፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እሳቸው ቀበሌ እየተመላለሱ፣ "ሠራተኛ መቅጠር ካልቻላችሁ እኛ በነፃ እንያዘው" ብለው ቁልፉን ተቀበሉ። እኛን ሥራ ፈት ልጆች ሰብስበው በእድር ደንብ አስተዳደሩን። በተራ እንከፍታለን፣ በተራ እንጠርጋለን፤ ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ሽንት ቤቱን ብቻውን ያጥባል። ማንም አይቀርም ነበር።

ጣሪያውን ደፍነን፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብተን፣ ሁለት የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አቆምን። ልጆች እየመጡ መጫወት ጀመሩ። ትልልቆቹ ግን ዝር አላሉም። በዚህ መሀል የቀበሌው ሊቀመንበር መጡና፣ "አዳራሹን ለእህል መጋዘን የሚጠይቁን ነጋዴዎች አሉ" አሉን። "እሁድ መጥቼ አያለሁ። የሰፈሩ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ይቀጥላል። እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ግን ለነጋዴዎቹ እሰጣለሁ።"

እናቴን ለመንኳት።

"እዚያ አዳራሽ ውስጥ እጄን እያወዛወዝኩ 'ይውደም' ስል እንደዋልኩ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "ስብሰባ የቀረ ስኳር አያገኝም ይሉን ነበር። አሁን ስኳሩን ከሱቅ እገዛለሁ። አልመጣም።"

የሌሎቹም እናቶች መልስ ከዚህ አልራቀም። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሲያስቡ ቆዩና፣ "እንግዲህ ይህን ሰፈር ከቤቱ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው" አሉ። ወደ እድሩ ጥሩምባ ነፊ ቤት ሄድን። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ስለሆነ፣ እሳቸው ሲነፉ የማይሰማ ቤት የለም።

ሽማግሌው ጥሩምባቸውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ አዳመጡን። "በዚህች ዕቃ ደስታ ነግሬ አላውቅም" አሉ።

"ታዲያ አሁን ትልመድ" አሏቸው ጋሼ። "ብቻ እንደ ወትሮው ጎህ ሳይቀድ እንዳይወጡ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይሁን።"

"ፀሐይ ሞቅ ሲልማ ሰው ቤቱ አይገኝም። እርስዎ ስፖርትዎን፣ እኔ ጥሩምባዬን።"

እሁድ የመጥረግ ተራው የእኔ ስለነበር ገና ሳይነጋ አዳራሹ ደርሻለሁ። ጥሩምባው ከሩቅ ተሰማ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ ቀጠለ፦ "የእድር አባላት በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ዛሬ ቀበሌ አዳራሽ እንድትገኙ…" ለጨዋታ መሆኑንም ተናግረዋል፤ በኋላ ምለው ነግረውናል። ነገር ግን ድምፃቸው ከልማዱ አልወጣም፤ ስሰማው እኔን እንኳ አሳዘነኝ። የሰፈራችን ሰው ደግሞ ጥሩምባ ሲሰማ የሚያዳምጠው ቦታውን ብቻ ነው። ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ይጠያየቃል።

መንገድ ላይ ተጠያየቁ። አዳራሹን የያዙት ጋሼ ናቸው፤ ጋሼ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ስለዚህ ያረፉት ጋሼ ናቸው ተባለ።

ደጃፉን ስጠርግ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ከኋላቸው የእድሩ ጎረምሶች ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸክመዋል። እናቴ ከፊት ነበረች። ምን እንደሆነ ልጠይቃት ስል ጋሼ ቱታቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከአዳራሹ ወጡ።

ለቅሶው በአንዴ ጸጥ አለ።

"ጋሼ፣" አለች እናቴ ቀስ ብላ፣ "በቁምዎ ነው እንዴ ያስለቀሱን?"

"እኔን ነው?" አሉ ጋሼ። ዙሪያቸውን አዩ፤ ድንኳኑንም አዩ። "ምን ብላችሁ አለቀሳችሁልኝ? እስኪ እኔም ልስማው።"

"ጥሩ ሰው ነበሩ ስንል ነው የመጣነው። አሁን ግን እንጃ።"

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ ሳቁ ግቢውን ሞላው፤ አንዳንዶቹ እንባቸው ሳይደርቅ ይስቁ ነበር። ሰዎች ጥሩምባ ነፊውን ሲከቧቸው፣ "እኔ ሞተ አልኩ? ተገኙ ነው ያልኩት" እያሉ ተከራከሩ። ወዲያው ዝናብ ጀመረ። ጎረምሶቹ ድንኳኑን ተከሉ፤ ድንኳኑ ያልበቃው ሰው ወደ አዳራሹ ገባ። እናቴ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመች። ነጩን ግድግዳ አየች፣ ጠረጴዛዎቹን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣ "ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚመታው?" ብላ ራኬቱን ከእጄ ወሰደችው።

ሊቀመንበሩ ረፋድ ላይ መጡ። ድንኳኑንና የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ።

"ማን ነው ያረፈው?"

"ማንም አላረፈም" አለች እናቴ ዓይኗን ከኳሷ ሳትነቅል። "መጫወት ከፈለጉ ተራ ይያዙ።"

"እዚህ ለመጫወት ነው ይሄ ሁሉ ሰው የመጣው?"

እናቴ ጋሼን አየቻቸው፣ ከዚያም እኔን። "አመጣጣችን ሌላ ነበር" አለች። "አሁን ግን አንሄድም። ነጋዴዎቹ እህላቸውን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እናቶች ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። ሊቀመንበሩ ጋሼን፣ "የሚቀጥለው ተራ የማን ነው?" አሏቸው። ኮታቸውን አውልቀው ከእናቴ ጋር ሲጫወቱ ሁለቱም ኳሷን ከጠረጴዛው ይልቅ ግድግዳው ላይ ነበር የሚመቷት። ሲወጡ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ለነጋዴዎቹ ቦታ የለም እላቸዋለሁ" አሉን፤ "እኔ ግን እሁድ እመጣለሁ። እኚህን ሴትዮ ሳላሸንፍማ አይሆንም።"