የባሏ እህት

ሙሉመቤት ደጀኔ ስቶክሆልም ዳር አካላ ሰፈር የገባችው በፈረንጆቹ 1993 ዓ.ም.፣ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። እሷ፣ ባሏ ዕንባቆምና የስምንት ዓመት ልጃቸው ሳሌም፤ ሦስት ክፍል፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ጫካው የሚያይ። ከዚያ በፊት በሰሜን ስዊድን አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የስደተኞች ማረፊያ ውስጥ፣ ዓመት ከመንፈቅ በአንድ ክፍል ስለኖሩ ቤቱ ቤተ መንግሥት መስሏቸው ነበር። ዕቃቸውን ተሸክመን ካወጣነው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ፍራሹን ገና ግድግዳ ላይ እንዳስደገፍነው የሕንፃው ጠባቂ መጣ፤ ቱታ የለበሰ ጸጥተኛ ሰው። በሩ ላይ፣ ከደብዳቤ ማስገቢያው ከፍ ብላ ያለችውን ጠባብ ሰሌዳ ፈታና ነጫጭ ፊደሎች ደርድሮ መልሶ ገጠማት። «ካሳዬ» ትላለች።

ሙሉመቤት መጥረጊያ እንደያዘች ብቅ ብላ አነበበችው።

«እዚህ ቤት የሚኖረው ማን ነው?» አለች።

«እኛ ነና» አለ ዕንባቆም።

«የተጻፈው እኮ የአባትህ ስም ነው። ቤቱን የተከራዩት እሳቸው ናቸው?»

«ያገሩ ደንብ ነው። ምን ያስቆጣሻል? ክብር አይደለም እንዴ?»

«ላንተ ነዋ! እኔ የት አለሁ?»

ሳቅን። ሦስት ወንዶች ነበርን፣ ሦስታችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ዛሬ ያን ሳቅ ባስታወስኩት ቁጥር በራሴ እናደዳለሁ።

ሙሉመቤት ነርስ ናት። «ነበረች» እንዳልል ብዙ ጊዜ አስጠንቅቃኛለች። ደሴ ተወልዳ ደሴ ተምራ፣ እዚያው ሆስፒታል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። አባቷ አቶ ደጀኔ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ሰው። ሴት ልጃቸውን ነርስ አደርጋለሁ ሲሉ ዘመድ ሁሉ ተነሣባቸው፣ የሌሊት ተረኛ የምትሆን ልጅ ማን ያገባታል ተብለው። እሳቸው ግን የመግቢያ ፈተናው ቀን በር ድረስ ሸኝተዋት፣ እስክትወጣ አጥሩን ተደግፈው ቆመው ዋሉ። ሙሉመቤት ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው የእሳቸውን ባርኔጣ ነው። ስለ አባቷ ስትናገር ሁልጊዜ ከዚያ ባርኔጣ ትጀምራለች።

አካላ በገቡ በሳምንቱ ለእሷ የመጣው የመጀመሪያ ደብዳቤ «ሙሉመቤት ካሳዬ» ይላል። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ለባሏ ዘረጋችለት።

«እንካ» አለችው። «ለእህትህ የመጣ ነው።»

ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። እዚህ ለሚያድጉት ልጆቻችን ስል ግን ልጻፈው። የእኛ ሁለተኛ ስም የማን ልጅ መሆናችንን የሚናገር ምስክር ነው። ሴት ስታገባ ቤቷን ትተዋለች፣ አገሯንም ልትተው ትችላለች፤ ምስክሯን ግን አትለውጥም። ከአንድ አባት ካልተወለደች በቀር በሌላ ሰው አባት አትጠራም። ሙሉመቤት ካሳዬ ከተባለች የካሳዬ ልጅ ናት። ዕንባቆም ካሳዬም የካሳዬ ልጅ ነው። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ አልጋ የሚያድሩት ምን ሆነው ነው? ስዊድኖቹ ስምን እንደ ጣራ ነው የሚያዩት፣ በሥሩ ያለውን ሁሉ የሚያለብስ። ሁለቱም አስተሳሰብ በየአገሩ የቆመ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው አንዱን ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሰው ግድየለሽ ሲሆን ነው።

ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዘመን ቶልክ ነበርኩ፤ በየቢሮው ለአገሬ ሰው የማስተረጉም። እነዕንባቆም ወደ ሰሜኗ ከተማ እንደመጡ ለምዝገባቸው የተላክሁት እኔ ነኝ። ስዊድኖቹ ከራስ ስም ቀጥሎ ያለውን ስም «ኤፍተርናምን» ይሉታል፤ በቀጥታ ሲመለስ «ከኋላ የሚመጣ ስም» ማለት ነው። እንደዚያው ብዬ ብጠይቅ ማንም ሰው የገዛ አባቱን ይጠራ ነበር። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት ስለ ቃልና ስለ ትርጉም ስፈላሰፍ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ቃል በቃል መመለስ የጀማሪ ሥራ መሰለኝ። አሳምሬ «የቤተሰብ ስማችሁ ማን ነው?» አልኩ። ዕንባቆም ጥቂት አሰበ። ቤተሰብ ሲባል የመጣለት የአባቱ ቤት ነው። «ካሳዬ» አለ። ጸሐፊዋ በሦስቱም ቅጽ ላይ ካሳዬ ብላ ጻፈች። ሙሉመቤት በዚያ ሰዓት ትኩሳት የያዛትን ሳሌምን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ትንጎራደድ ነበር። መታወቂያው ሲመጣ አይታው ጠየቀችኝ። «ለጊዜው ነው፣ ስቶክሆልም ስትገቡ ይስተካከላል» አልኳት። ባቡሬ ሊሄድብኝ ነበር።

ስቶክሆልም ገቡ፤ የተስተካከለ ነገር የለም። በሩ ላይ ከሰሌዳዋ በታች «ደጀኔ» ብላ በወረቀት ጽፋ ለጠፈች። ጠባቂው ወረቀት መለጠፍ ክልክል ነው ብሎ ነቀለው። ደግማ ለጠፈች፤ ደግሞ ነቀለ። አምስት ጊዜ ነው የተነቀለው፣ ቆጥራዋለች። አንድ ቀን ጎረቤት ሰፈር ኪስታ የአንድ ሕፃን ክርስትና ተጠርተን ሳለ ደምመላሽ የሚባለው ቀልደኛ ብርጭቆውን ይዞ ቆመና «እስቲ ለእነዚህ ወንድምና እህት ቦታ ልቀቁላቸው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዕንባቆምም አብሮ ሳቀ።

«ሳቅ» አለችው ሙሉመቤት፣ ሁሉም እየሰማ። «እህቱን ያገባ ሰው ምን ያሳፍረዋል!»

ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። እንጀራው እስኪነሣ ድረስ ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የክብር ነገር ብቻ ይመስል ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን የሙያ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ የነርስነት ማስረጃዋን ላከች፤ ከሁለት ወር በኋላ ሙሉው ተመለሰላት። አብሮ የመጣው ደብዳቤ አጭርና ትሑት ነው። የተላከው ዲፕሎማ ሙሉመቤት ደጀኔ ለተባለች ሰው የተሰጠ ነው፤ አመልካቿ ሙሉመቤት ካሳዬ ናት፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸው አልተረጋገጠም። ሙሉመቤት የዋህ ናት፣ ወዲያው ለአባቷ ጻፈች፤ ትምህርት ቤቱ እንዲመሰክርላት እንዲያደርጉ። ማንነቷ ይታወቅ ብላ የስዊድን መታወቂያዋን ፎቶ ኮፒ አብራ ላከች።

የአቶ ደጀኔ መልስ ሁለት መስመር ነበር። ይዛው ዩልስታ ሰፈር እቤቴ ድረስ መጣች፤ ካፖርቷን እንኳን ሳታወልቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«የካሳዬ ልጅ እዚህ ትምህርት ቤት አልተማረችም አሉኝ። ልጄ ሆይ፣ ምን በድዬሽ ነው?»

አንብቤ ቀና ስል ቆማ ታየኛለች።

«ጋሼ ብርሃነ ሥላሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን ምን ብለው ነው ዕንባቆምን የጠየቁት? ቃሉን ይንገሩኝ።»

ነገርኳት። የቤተሰብ ስም ብዬ እንደጠየቅሁ፣ ትክክለኛው ቃል ምን እንደነበር፣ ለምን እንዳሳመርኩት። ምንም አላስቀረሁም።

«ከኋላ የሚመጣ ስም» አለች ቀስ ብላ። «ይህን ሳሌም እንኳን ታውቀዋለች። እርስዎ ግን የተማሩ ሰው ነዎት!»

«አጥፍቻለሁ፣ ሙሉዬ።»

«ሙሉዬ አይበሉኝ። ሙሉመቤት ደጀኔ ይበሉኝ።»

አልኳት። ከነአባቷ ስም ጠራኋት፣ እንደ ትምህርት ቤት ስም ጥሪ። ያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው።

በማግስቱ እሑድ አካላ ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ በጽሑፍ ልመሰክር፣ ዕንባቆምም ተሳስቼ ነው የመለስኩት ብሎ እንዲፈርም ልጠይቀው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ እጁን አጣምሮ ሰማኝ።

«አልፈርምም» አለ።

«ለምን?»

«ሰው ምን ይላል፣ ጋሼ? እዚህ አገር ስሟን የምትመልስ የተፋታች ናት። ነገ ኪስታ ገበያ ላይ ምን እንደሚባል አያውቁም?»

«ደምመላሽ ምን ይለኛል በላ!» አለች ሙሉመቤት ከወጥ ቤት።

«ነገሩ ደምመላሽ አይደለም!» ዕንባቆም ብድግ አለ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «አባቴ መቃብር የለውም። በእኛ በ1970 ከቤት ወሰዱት፤ ሬሳውን እንኳን አልሰጡንም። የት እንደጣሉት አላውቅም። በዚህ ዓለም ላይ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ያ በር ብቻ ነው። ስገባም ስወጣም አነበዋለሁ። እሱን ነው ንቀል የምትሉኝ?»

ሙሉመቤት እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች። ባሏ ፊት ለፊት ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ቁጣው ግን አልቀነሰም።

«በሩ ላይ ይኑር። ነፍሳቸውን ይማር፣ እኔም እየወጣሁ እየገባሁ አነበዋለሁ። እኔ ላይ ግን አይጻፍ። እኔ የመቃብር ድንጋይ አይደለሁም፣ ዕንባቆም። የእኔ አባት በሕይወት አለ፤ ካደችኝ ብሎ እያለቀሰ ነው።»

ዕንባቆም ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ለሞተ አባት ማዘን ትክክል ነው፣ በሕይወት ያለን አባት አለማስቀየምም ትክክል ነው፤ ሁለት እውነቶች አንድ ሳሎን ውስጥ ሲጋጩ ግን የሚደፈጠጠው ዘወትር የሴቲቱ እንደሆነ በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ለመከላከል ተነሥቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ ንዴቴ በዕንባቆም ላይ አይደለም።

በሳምንቱ ሙሉመቤት ወደ መዝገብ ቢሮው አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። «እንደ ቶልክ አይደለም፣ እንደ ምስክር» አለች። ስዊድንኛዋ ገና የተሰባበረ ነበር፤ ቢሆንም አንዲት ቃል አላስተረጎመችኝም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

«ከባለቤትሽ ተለያይተሻል?» አለቻት ልጅቷ።

«አልተለያየሁም።»

«ታዲያ ስምሽን ለምን ትለውጫለሽ?»

«እህቱ አይደለሁማ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። የስማችንን ነገር በአጭሩ አስረዳኋት፣ የምስክርነት ወረቀቴንም ሰጠኋት። «እንዴት የሚያምር ባህል ነው!» አለች ፈገግ ብላ። ሙሉመቤት ፈገግ አላለችም። ልጅቷ ከመሳቢያ አንድ ቅጽ አወጣች፤ ግማሽ ገጽ ነው። እዚህ ጋ ስም፣ እዚህ ጋ ፊርማ።

«ባሌ የት ነው የሚፈርመው?» አለች ሙሉመቤት።

«ባልሽ? አይፈርምም። ስሙ ያንቺ ነው።»

ፈረመች። ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

«ስሙ ያንቺ ነው አለችኝ። አንዲት ፍሬ ልጅ፣ አገሬን በካርታ እንኳን የማታውቅ። ግማሽ ገጽ ነበር፣ ጋሼ! ዓመታት ሙሉ ስጮህ ከእናንተ ውስጥ ይህችን አንዲት ቃል ያለኝ ማን ነው?»

ማንም አልነበረም።

ውሳኔው በአንድ ወር ውስጥ መጣ። ዕንባቆም ደብዳቤውን ከወለሉ አንሥቶ፣ በላዩ የተጻፈውን አነበበና፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመላት። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ሰሌዳዋ ላይ ሁለቱም ስሞች ተደርድረዋል፤ ማን ሄዶ እንዳስጻፈ ሁለቱም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የሳሌም ነገር ግን እንደነበረ ቀረ። ለልጅ የሁለቱም ወላጆች ፊርማ ያስፈልጋል፤ ዕንባቆም አልፈረመም። ልጅቷም በስዊድንኛ «ትምህርት ቤት ሁሉም ሰው ካሳዬ ነው የሚለኝ፣ ተዉኝ» አለች። ሙሉመቤት በአማርኛ መለሰችላት፦ «እሺ። ያንቺን አንቺው ስታድጊ ትጣዪበታለሽ።»

ማስረጃዋ ተቀባይነት አገኘ። ለአቶ ደጀኔ አዲሱን መታወቂያዋን ላከችላቸው፣ እሳቸውም ጻፉላት፤ የጻፉትን ለማንም አላሳየችም። ቋንቋውንና የሙያውን ኮርስ አንድ ዓመት ተኩል ተማረች። በፈረንጆቹ 1996 ጸደይ ላይ አንድ የአረጋውያን ዋርድ ገባች፤ ነጭ ልብስ ለብሳ። ሥራ በጀመረች በሳምንቱ ስልክ ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳን አልሰጠችኝም።

«ደረቴ ላይ የሚንጠለጠለውን ባጅ ሰጡኝ። ምን ይላል መሰለዎት? ሙሉ! ሙሉ ብቻ!»

«እዚያ እኮ ሐኪሙም በራሱ ስም ብቻ ነው የሚጠራው» አልኳት። እንደገና ላስረዳት መጀመሬ ነበር።

«አውቃለሁ። አለቃዬም ይህንኑ ነገረችኝ። የእነሱ አባት በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፍ ይሆናል፣ የእኔን ለማስጻፍ ግን ዕድሜዬን ነው የጨረስኩት። ሙሉመቤት ደጀኔ ተብሎ ካልተጻፈ አላንጠለጥልም አልኳት። ረጅም ነው፣ ባጁ ላይ አይገባም አለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ፊደሉን አሳንሺው አልኳት። ሦስት ቀን ያለ ባጅ ሠራሁ፤ አሮጊቶቹ ሁሉ ስሜን ሲጠይቁኝ ዋሉ፣ ለእያንዳንዳቸው ሙሉውን ነገርኳቸው። ዛሬ አምጥታ ሰጠችኝ።»

«ገባ?»

«ገባ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ለማንበብ መጠጋት ያስፈልጋል» አለችና፣ ያ ቁጣዋ በስልኩ ሽቦ ውስጥ እየነደደ፦ «ይጠጉ!» አለች።