ባለ ፈረሱ እግረኛ

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ይኸነው የሽማግሌውን ስም አያውቅም። የሚያውቀው በየወሩ ከዘንገና እስከ እንጅባራ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ እየሳቡ በእግራቸው መምጣታቸውን ነው። ባለቤታቸው ዘንቢል አንጠልጥለው ከኋላ ይከተላሉ። መጀመሪያ ሰሞን፣ «አባባ፣ ፈረሱን አመመው እንዴ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«እሱማ ደህና ነው፤ በሽተኛው እኔ ነኝ። ‹ደም ግፊት አለብዎ፣ አረቄ ይተው፣ ጨው ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ› አሉኝ። ጨዉን ለእሱ ተውኩለት።»

አረቄውን የተዉት ግን እሳቸው እንጂ ፈረሱ አይደለም። ከበሩ ማዶ ያለው አረቄ ቤት ሲደርስ እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ እሳቸው ወደ ውስጥ ላለማየት አንገታቸውን አዙረው ልጓሙን ይጎትታሉ። ከዚያ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከዘንቢሉ የወጣውን ጨው የሌለውን ቅቅል ድንች እንደ ኮሶ ይውጡታል።

ዛሬ ተለክተው ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል። «መድኃኒቱንም የእግር መንገዱንም እንዳያቋርጡ አሉኝ እንጂ ግፊቱስ ወርዷል!»

«እሰይ! ዛሬስ ይቀመጡበታላ?» አለ ይኸነው።

ሽማግሌው እርካቡን ይዘው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አርባ ዓመት እኔ ከላይ፣ አንቺ ከኋላ። በይ ውጪ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ፈረሱ ዳነ ይበላ!»

ደግፈው አስቀመጧቸው። አረቄ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ፈረሱ እንደ ልማዱ ቆመ። ሽማግሌው ልጓሙን ከመጎተታቸው በፊት ሴትዮዋ በሁለቱም ተረከዛቸው ኮለኮሉት። ፈረሱ ሶምሶማውን ጀመረ፤ ሽማግሌውም ልጓሙን ለቀው፣ እየሳቁ ከኋላ ተከተሉ።