የሁዜይፋ ሹክሹክታ

የመካነ ሰላም መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ቢገዛ ለጌጥ ነው። ተራ አስከባሪው ሁዜይፋ አፉን ከፍቶ «ወግዲ!» ሲል፣ ወግዲ ያሉ ዘመዶች እንግዳ መጣብን ብለው ቤት መጥረግ ይጀምራሉ። «ከላላ!» ሲል የከላላ በቅሎዎች ጆሯቸውን ያቆማሉ። እኛ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት የምንውል ሰዎችማ ብርጭቋችንን በሁለት እጅ መያዝ ለምደናል።

ይህ ሰው የሴት ልጅ አባት ሆነና ቤቱ ሲገባ ድምፁ ይጠፋ ጀመር።

ትእዛዙ የመጣው ከጎረቤቱ ከእትዬ ብርሀንነሽ ነው። እትዬ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም አራስ ሲጠብቁ የኖሩ፣ በሰፈሩ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ናቸው። ይሄን ጉሮሮህን ይዘህ አራስ ቤት ገብተህ ሕፃኗን እንዳታስደነግጥ አሉት። ሁዜይፋም ታዘዘ። ለመሳል ከግቢ ይወጣል፤ ካስነጠሰው አስፋልት ይሻገራል። እንደ ወጉ በጆሮዋ አዛን ሲያደርግላት እንኳ ከአላህና ከራሷ በቀር የሰማው የለም።

ሕፃኗ ሂባ ግን አልቀበለውም አለች። የአክስት፣ የጎረቤት፣ «እንኳን ማረሽ» ልትል ብቅ ያለች መንገደኛ ሳትቀር፣ የሁሉም እቅፍ ይመቻታል። እሱ ተቀብሏት «ልጄ፣ አባሽ ነኝ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ግን ታለቅሳለች። አለቃቀሷን የሰማ ሰው የማን ልጅ ናት ብሎ አይጠይቅም።

ሻይ ቤት ውስጥ ያልቀለድንበት ቀን የለም። መርፌ ወጊ መስለሃት ይሆናል አልነው፤ ፂምህን ተላጭ አልነው፤ ተላጨ፤ ባሰባት። አንድ ቀን ግን ሻዩን ሳይነካ፣ «ባዕድ አድርጋኛለች» አለን። ለሁሉም ቀልድ የማናጣው ሰዎች ያን ቀን የሻዩን ሒሳብ ከፈልንለት።

ሂባን ለክትባት የወሰዷት ቀን እናቷ ፈርሂያና እትዬ ብርሀንነሽ ሲመለሱ በመናኸሪያው በኩል አለፉ። ፈርሂያ እስክትወልድ ድረስ ሻይ ትሸጥ የነበረው ከበሩ አጠገብ፣ ከባሏ ጉሮሮ ሥር ነው። ደንበኞቿ ከበቧትና ሕፃኗን ለአባቷ ሰጠቻት። ሂባ ወዲያው ጀመረች። ሁዜይፋ እሹሩሩውን በሹክሹክታ ያዘ። የወግዲው ሾፌር ሞላ ደግሞ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ሆኖበት ጥሩንባውን ይነፋል። ሁዜይፋ ግራ ገባው፤ ልማድ አሸነፈው።

«ወግዲ! ወግዲ! ወግዲ!»

ሕፃኗ ፀጥ አለች።

እትዬ ደረታቸውን ያዙ። «አስደነገጥካት! ነግሬህ ነበር!»

«ኧረ አልደነገጠችም እትዬ፣ ይዩዋት እስቲ» አለች ፈርሂያ እየሳቀች። «ሆዴ ውስጥ ሆና ስትሰማው የከረመችው ይሄንን ነው። ያ የሚያንሾካሹከውን ሰውዬ ከየት ታውቀዋለች?»

ሁዜይፋ አላመነም። ድምፁን ቀንሶ «ልጄ» አላት፤ ከንፈሯ ተጣመመ። «ወረኢሉ!» አለ፤ ከንፈሯ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው? አገሩን ሁሉ ጠራ፤ መኪና የሌለበትን መንገድ ሳይቀር ጠራ። ከተማው ሲያልቅበት ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፍ አደረጋትና «ሂባ ሁዜይፋ!» አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ርግብ አንድ ላይ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ሂባ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁ። እትዬ ብርሀንነሽ እንኳ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፅ ማለትስ ይህ ነው፣ ሲሉ ሰምተናቸዋል።

ሕፃኗ ዓይኗን ከአባቷ አፍ ላይ አላነሣችም። የወግዲው መኪና ሞልቶ ተርፏል። ሞላ በመስኮት ብቅ ብሎ መውጫውን እንዲለቅለት ለመነው።

«ሞላ፣ ጥቂት ቆይ» አለው ሁዜይፋ፣ ከመንገዱ መሐል ሳይነቃነቅ። «ልጄ እያየችኝ ነው።»

ሞላ ሞተሩን አጠፋ። ከተሳፋሪው አንድም ሰው አላጉረመረመም።