ሲስተሙ የት ሄዶ ነበር

«ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር ከእኔም በላይ አርጅቷል» አሉኝ ዛሬ፣ ለአንዲት ደብዳቤ ከቢጠና ተነስተው ሶዶ ወዳለው ቢሯችን ለሦስተኛ ጊዜ የመጡ እናት።

ላፕቶፑ ገና አዲስ ነው፤ ግን ይንቀራፈፋል። ሁለቴ የመለስናቸው «ሲስተም የለም» ብለን ነው። (ቢሮ የሠራ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል።)

አፈርኩና ውስጡን አየሁት። የሊኑክስ ከርነል (የኮምፒውተሩ ሲስተም እምብርት) ሥራ ሲበዛ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይጨምራል፣ ሲያንስ ይቀንሳል። የእኛው ግን ከዝቅተኛው ፍጥነት እንዳያልፍ ታዟል።

ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ክረምት ላይ መብራት ሲያስቸግር ባትሪ ይቆጥብ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ረሳሁት።

ከቅንብሩ አንድ መስመር ቀየርኩ፣ ደብዳቤው ወዲያው ታተመ።

«ሲስተሙ መጣ?» አሉኝ።

«መጣ፣ እናቴ።» የት ሄዶ እንደነበር ለመናገር ግን ድፍረት አጣሁ።

እናንተስ በሲስተም አሳብባችሁ ማንን መልሳችኋል? እስኪ ኮሜንት ላይ ተናዘዙ።