የአዋላጇ ሳይክል የፊት ሹካ

ሰፈሩ በብረት መንከሻው ስም ሞርሳ ይለዋል። በጉልምስናው አንዴ የጨበጠውን ብሎን ሳይፈታ አይለቅም ነበርና ነው። አሁን ግን እጁ ከድቶታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳይነክር የሳይክል መጠገኛ ሱቁን መክፈት ይቸግረዋል። «ይህን ዓመት ብቻ ልግፋው» ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሚስቱም መስማቱን ትታዋለች።

የሚስቱ ታላቅ እህት አዋላጅ ናት። ኮረብታው ላይ ያሉ አራሶችን የምትጎበኘው በአንድ ያረጀ ያፈጀ የተራራ ሳይክል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይክሉን እየገፋች መጣችና ሱቁ ደጃፍ ደረጃ ላይ ዘፍ አለች።

«ሹካው ነው የጨረሰኝ» አለች። «ጠጠር በረገጠ ቁጥር እጄ ይደነዝዛል። ትናንት አራሷ ፊት መቀስ ወደቀብኝ።»

ሞርሳ መሪውን ይዞ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ንዝረቱን መዋጥ የነበረበት ሹካ ወይ ፍንክች!

«እትዬ፣ ይሄኮ ሹካነቱ ቀርቶ ዱላ ሆኗል። ሌላ እንግጠምለት።»

«የአሁኖቹ ለዚህ ሳይክል አንገት አይሆኑም ያልከኝ አንተው አይደለህ?»

እውነቷን ነበር። ሳይክሉን ወደ ውስጥ ገፋው።

ሹካውን ሲፈታው ዘይቱ ዝፍት መስሏል፤ ሞላዎቹ ዝገዋል፤ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያግዱት ጎሚኒዎችም ተሰነጣጥቀዋል። የላይኞቹ ቱቦዎች የሚንሸራተቱባቸው ቀለበቶች ደግሞ ተበልተው አልቀዋል። ቀለበቶቹን ጎረቤቱ ያለው ባለ ቶርኖ ከጠንካራ ፕላስቲክ አወጣለት። ሞርሳ ቱቦዎቹን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት እያሻሸ ዋለ። ሲመሽ ወገቡ አልታዘዝ አለው፤ ተገላገልኩ ለማለት ያህል ቶሎ ቶሎ ገጣጠመው።

በማግስቱ ወለሉ ዘይት በዘይት ሆኖ ጠበቀው። አንዱን ጎሚኒ ገልብጦ ነበር ያስገባው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አለች ሚስቱ ጨርቅ ይዛ እየተንበረከከች። «እኛ ቤት ግን አንተ ታፈሳለህ፣ እኔ እለቅማለሁ።»

ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና ሹካውን አየው። ቢሆንለት ጥሎት ወደ አልጋው ይመለስ ነበር።

እንደገና ፈታው። ጎሚኒውን ቦታው ለማስገባት ሲጫን ግን አውራ ጣቱ እምቢ አለ። ሚስቱ ጨርቁን ጣለችና መዳፏን በእጁ ላይ ደረበች።

«ግፊ!»

«እየገፋሁ ነው እኮ! አንተ ነህ የማትገፋው!»

ጎሚኒው ጧ ብሎ ገባ።

አዋላጇ ሳይክሉን ይዛ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ መጣች፤ በእግሯ።

«ሹካህ ትራስ ነው፣ እጅህ ይባረክ» አለችው። «እጄ ግን አሁንም ይደነዝዛል። ሐኪም ጋ ሄጄ ታየሁ። አንገቴ ላይ ነርቭ ተጭኗል አሉኝ። ከእንግዲህ ኮረብታ መውጣት የለም።»

መጀመሪያ የቆጨው ልፋቱ ነበር፤ ወዲያው አፈረ። ደረጃው ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። ጣቶቿን ስታሻሽ አያት፤ የእሱም እጆች ያንኑ እያደረጉ ነበር።

«አንተስ መቼ ነው የምትታየው?»

«እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?»

«ተወው እንግዲህ። ጎሚኒውን ማን እንደገፋው እህቴ ነግራኛለች።»

በማግስቱ አዋላጇ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራቸው እስኪደርስ ሁለቱም አንቀላፉ። ለእሱ የእጅ መደገፊያ ታዘዘለት፤ ከባድ ነገር እንዳይፈታም ተነገረው። እሺ አለ።

ሳይክሉን የተረከበችው በሚስቱ እህት እግር የተተካችው አዋላጅ ናት። በቀደም ሱቁ ድረስ መጥታ ነበር። ስለ ሹካው ምንም አላነሳችም።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ አይዝልኝም» አለችው።

ሞርሳ የእጅ መደገፊያውን ማሰሪያ በጥርሱ አጠበቀና ከበርጩማው በዝግታ ተነሣ።

«አስገቢው» አላት።